ለባዶ ወንበር የተነፋ ጥሩምባ

ፀሐይ ከዩኒቨርሲቲው ኮረብታ ጀርባ ወርዳ የባሕር ዛፉ ጥላ አስፋልቱ ላይ በተጋደመበት ምሽት፣ የሕግ ፍልስፍና መምህሩ ልሳነወርቅ ይመኑ በቤቱ መስኮት አጠገብ ባለችው አሮጌ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ገልጦ ከማያነበው መጽሐፍ ጋር ተፋጦ ነበር። ሰውየው ማንበብ የማይታክተው፣ ከግእዝ ድርሳናት እስከ ባሕር ማዶ ሊቃውንት ሙግት ያገላበጠ፣ ነገር ግን በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቅ ነበር። ባልደረቦቹ «ጨዋ ነው» ይሉታል፤ እርሱም ያችን ቃል እንደ ካባ ደርቧት ኖሯል። ያን ምሽት ግን ካባው ከበደው፤ ከትከሻው ሊጥለው ቢፈልግም መጣያው ጠፋው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለተቸገሩ ተማሪዎች መርጃ ተብሎ ከደጋግ ሰዎች የተዋጣ ጥቂት ገንዘብ ነበረ። ይህንኑ እንዲያድል የተሰየመው ኮሚቴ፣ ልሳነወርቅም አባል የሆነበት፣ በምግብ አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈ፤ «ችግረኛ የሆናችሁ ተማሪዎች ከቀበሌያችሁ የድህነት ማስረጃ ይዛችሁ በምሳ ሰዓት እዚሁ በር ላይ ተሰለፉ» የሚል። በምሳ ሰዓት! ግቢው በሙሉ ትሪ ይዞ በሚተላለፍበት ደጅ! ጦሙን ውሎ «ጠግቤአለሁ» ማለትን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሕዝብ ልጅ፣ ወጥቶ ድህነቱን እንደ ጨርቅ እንዲያሰጣ ተጠራ። አንድም ሰው አልተሰለፈም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር አስናቀው ባዶውን በር አይተው በሳቅ ፈነዱ፤

«ጎበዝ፣ ድሃ የለንም ማለት እኮ ነው! ሌላው ዩኒቨርሲቲ ይህን ቢሰማ በቅናት ይሞታል።»

በማግስቱ ጠዋት በሚደረገው ስብሰባ «ፈላጊ ስላልተገኘ» ገንዘቡ ለግቢው አጥር ቀለም መግዣ እንዲውል ሊወሰን ነው። ልሳነወርቅ እውነቱን ያውቅ ነበር። አፉን ሊከፍት አለና የዶክተሩ ሳቅ ቀደመው፤ ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ጊዜው ያለፈ መሰለው።

ከዚያ ባዶ በር ተመልሶ ቢሮው እንደ ገባ ነበር በሩ በቀስታ የተንኳኳው። የመጣችው ነዚፋ ናት፤ በአማካሪነት ከተመደቡለት ተማሪዎች አንዷ፣ ቢጫ ሻሽ የማይለያት፣ ግንበኛ ወንድሟ ከቀን ሥራው ቆንጥሮ በሚልክላት የምትማር የሐላባ ልጅ። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ «ያልታወጀ ሕግ ማንንም አያስርም» ብሎ ሲያስተምር፣ «ቲቸር፣ ታውጆ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበትስ?» ብላ ክፍሉን በሳቅ ያናወጠችው እርሷ ነበረች።

«ቲቸር፣ ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«አገር ቤት። ነገ በማለዳው አውቶቡስ።»

«ፈተና ሳይደርስ? ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ትንሽ የቤት ጉዳይ ናት። ለሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ።»

ፊቷን አየ፤ ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሊያነብ ጀመረና፣ በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ነውር ነው ብሎ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«መልካም። እንግዲህ… በርቺ።»

«እሺ ቲቸር። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።»

ሄደች። እርሱም አመሻሹ ላይ፣ ያችን «እመለሳለሁ» የምትለውን ቃል ሲያመነዥግ፣ ድንገት እንደ እሾህ ወጋችው። የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ ለሬጅስትራር ሳያሳውቅ ግቢውን ለቆ የሄደ ተማሪ እንደ ከዳ ይቆጠራል፤ የጀመረው ትምህርት ሁሉ ወድቆ ይመዘገብበታል፤ ሲመለስም በሩ ዝግ ነው። አሳውቆ የሄደ ግን ቦታው ይጠብቀዋል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ጉብኝትና አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ይህን ሊነግራት የተሾመው ደግሞ እርሱ ራሱ ነበር። የነገራት ግን «በርቺ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ስልኳን አያውቅም። ወደ ሴቶቹ ማደሪያ ሊሄድ ተነሣና በሩ ላይ ደረሰ፤ አንድ ወንድ መምህር ሲመሽ የሴት ተማሪዎች በር ላይ ቆሞ ስም ቢያስጠራ ሰው ምን ይላል? ተመልሶ ተቀመጠ። ንዴቱ አቅጣጫ አጥቶ በደረቱ ውስጥ ሲዞር፣ በዶክተሩ፣ በኮሚቴው፣ በሕጉ፣ በራሱም ላይ ሲዞር፣ መጽሐፉ ከጉልበቱ ተንሸራተተ፤ እንቅልፍም ሳይታሰብ ጣለው።

በእንቅልፉ ውስጥ መጀመሪያ የሰማው የጥሩምባ ድምፅ ነበር፤ ያ ጎሕ ሳይቀድ በየሰፈሩ እየዞረ የሞተውን ሰው ስም የሚያሰማ፣ ሰምቶ በአልጋው የሚቀር የሌለበት የዕድር ጥሩምባ። እንደ ልማዱ ነጠላውን ደርቦ ወጣ። የቤቱ ደጅ ግን የሚያውቀው ደጅ አልነበረም። አመድማ ሜዳ ነው፤ በሜዳው መካከል ቀጭን ረጅም ሽማግሌ፣ አዝራሩ የረገፈ ካፖርት ለብሶ፣ የተጨረማመተ ጥሩምባ በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል።

«አባቴ፣ ማን ሞተ?» አለ ልሳነወርቅ።

«መጣህ? ጎሽ!» አለ ሽማግሌው። «ለሞት ጊዜ እንኳ እግራችሁን የሚያህል የለም።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ለፋፊ ነኛ። ዕድሜዬን ሙሉ የሞቱትን ስም ስለፍፍ ኖርሁ፤ አሁን ደግሞ ሳይሞቱ ወደ ተቀበሩት ተዛውሬአለሁ። ና ተከተለኝ። መቼም ጫማህ ይቆሽሻል፤ ለእርሱ አትሳሳ።»

ልሳነወርቅ ተከተለው። የወረዱባት አገር ጥልቅ ሸለቆ ናት፤ ዙሪያዋን በአዲስ ቀለም ያበራ አጥር ከቧታል። አጥሩ እጅግ ያማረ በመሆኑ ከውጭ የሚያየው ሰው በውስጡ ገነት አለ ብሎ ይምላል፤ በውስጡ ግን ጣራቸው የዘመመ ቤቶች፣ መስኮታቸው በካርቶን የተደፈነ የንባብ አዳራሾች፣ ቧንቧቸው ውሃ ሳይሆን ፉጨት የሚያወጣ መታጠቢያዎች ተደርድረዋል። በመካከሉ ሰፊ አደባባይ፣ በአደባባዩም ላይ ከጣውላ የተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ይታያል። ከመድረኩ ላይ ዳኞች ተሰይመው፣ ከፊታቸው አንዲት ወጣት ቆማለች።

«ልብስሽ ታጥቧል» አላት መካከለኛው ዳኛ።

«አዎ ጌታዬ፤ ያለኝ እርሱ ብቻ ስለሆነ ማታ ማታ አጥበዋለሁ።»

«የታጠበ ልብስ የለበሰ ሰው ድሃ አይባልም። ቀጥሎ!»

ከእርሷ በኋላ የመጣው ወጣት ብልህ ነበር፤ ሸሚዙን ጭቃ አስነክቶታል። ለእርሱ ተፈረደለት። ሁለት ሳሙናና አንድ እስር ደብተር አሸክመው፣ የለጋሾች ስም በተጻፈበት ጨርቅ ፊት አቁመው ፎቶግራፍ ሊያነሡት ተረባረቡ። ወጣቱ አንገቱን ደፋ።

«ቀና በል እንጂ አንተ! ፈገግ በል!» ብሎ ጮኸበት ፎቶ አንሺው። «የረዳንህ እንድታለቅስ ነው እንዴ?»

ልሳነወርቅ ፊቱን አዞረ፤ ያዞረበት ስፍራ ግን የባሰ ነበር። ከመድረኩ ጀርባ፣ በአጥሩ ጥላ ሥር፣ ለቍጥር የሚያታክቱ ወጣቶች ተደርድረው ቆመዋል። ሁሉም ልብሳቸውን አሳምረው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ በልተው የወጡ ለመምሰል ጥርሳቸውን በመፋቂያ ይፍቃሉ። ምንም ያልገባበትን ጥርስ! አንዱ ሌላውን «ምሳ እንዴት ነበር?» ይለዋል፤ ያኛውም «ቆንጆ ነበር፣ ትንሽ ጨው በዛበት እንጂ» ብሎ ይመልሳል።

«እነዚህ ለምን አይወጡም?» አለ ልሳነወርቅ፣ መልሱን እያወቀ።

«ወላጆቻቸው ጨዋ አድርገው ስላሳደጓቸው ነዋ! አገራችሁ ልጁን ‹ቸግሮኛል አትበል› ብላ ትቀጣዋለች፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ‹ቸግሮኛል ካላልክ አልሰጥህም› ትለዋለች። በመጀመሪያው ትምህርት ጎበዝ የሆነ በሁለተኛው ይወድቃል። ከዚያ አንተና ጓደኞችህ ‹ድሃ የለም› ብላችሁ ትስቃላችሁ።»

«እኔ አልሳቅሁም!»

«ዝም አልክ። ‹ዝም አይነቅዝም› እያላችሁ ትተርታላችሁ። እውነት ነው፣ ዝምታ አይነቅዝም፤ የሚነቅዘው ዝም የተባለበት ሰው ነው። ና እለፍ!»

ወደ አንድ አዳራሽ አስገባው። በዚያ የተቀመጡት አማካሪዎች ናቸው፤ ወንበሮቻቸው እንደ መሰላል ረጃጅሞች ስለሆኑ ከሥር የሚናገር ተማሪ ድምፅ ወደ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበርዳል። አንዲት ልጅ አንገቷን ወደ ሰማይ ሰቅላ «የትኛውን ትምህርት ክፍል ልምረጥ? ይህንን ብወስድ ያ ያመልጠኛል ወይ?» ትላለች። ሌላው «መርጃ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ወዴት ነው የሚጠየቀው?» ይላል። ከላይ የሚወርደው መልስ ለሁሉም አንድ ነው፤ «በርታ! በርቺ! በርቱ!» የክፍል አለቆች የጓደኞቻቸውን የምዝገባ ወረቀት እንደ ጭድ ተሸክመው ይመጣሉ፤ አማካሪዎቹም ከወንበራቸው ሳይወርዱ፣ የማን እንደሆነ ሳያዩ፣ ማኅተማቸውን በገመድ አውርደው ይረግጡበታል። ከወንበሮቹ አንዷ ባዶ ነበረች።

«ይህችስ የማን ናት?»

«ያንተ ናታ! ንካት እስቲ፤ ትራሷ ገና አልቀዘቀዘም።»

ልሳነወርቅ እጁን ሊዘረጋ አልደፈረም። ፊቱ በእፍረት ነዶ፣ እፍረቱም ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ «ይህን ሁሉ ማን ሠራው? ማነው እንዲህ ያለ ቤት ያነጸ? ስሙን ንገሩኝ!» ብሎ ሽማግሌውን በካፖርቱ ያዘው።

«ስም ብነግርህ ደስ ይልሃል፣ እርሱን ተሳድበህ ተመልሰህ ትተኛለህ» አለ ለፋፊው፣ እጁን በቀስታ እያላቀቀ። «አንድ ክፉ ሰው ቢሠራው አንድ ጀግና ያፈርሰው ነበር። ይህንን የሠሩት ነገሩ እንዳይረብሻቸው የፈለጉ ብዙ ደጋግ ሰዎች ናቸው።»

ከአዳራሹ ወጥተው ወደ አጥሩ መጨረሻ ሲደርሱ አንድ ግዙፍ በር ተከፍቶ አዩ። በበሩ ወጣቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ ሻንጣቸውን በገመድ አስረው፣ ሳይሰናበቱ። የሚሸኛቸው የለም። አንዱ በወጣ ቍጥር በበሩ ላይ አንድ መወርወሪያ ከውስጥ ይሸጐራል፤ የወጣው ግን ጀርባውን ሰጥቷልና የመወርወሪያውን ድምፅ አይሰማም። እየሄዱም «ለሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ» ይላሉ እርስ በርሳቸው፤ በልባቸው አምነው።

«በሩ እየተዘጋባቸው መሆኑን ለምን አይነገራቸውም?» ብሎ ጮኸ ልሳነወርቅ። «ሕጉ ለምን አይጻፍም?»

«ተጽፏል እኮ! በበሩ ውስጠኛ ገጽ፣ ከመወርወሪያው ሥር፣ ከተዘጋ በኋላ ብቻ በሚታይበት ቦታ ተጽፏል። በክፍልህ ያልታወጀ ሕግ ማንንም አያስርም ስትል ሰምቼህ ነበር። ምን ያለ ጥሩ ትምህርት ነው! በል እንግዲህ፣ እነዚህን ምን አሰራቸው?»

በዚያ ቅጽበት ከሚወጡት መካከል ቢጫ ሻሽ አየ። ልቡ ዘለለች።

«ነዚፋ…» አለ፣ በሹክሹክታ።

«ምነው ድምፅህ? እርሷ እኮ ሩቅ ናት።»

«ሰው ይሰማኛል።»

«ሰው እንዳይሰማህ እየተጠነቀቅህ ነው ሰው የምትጠራው?»

ደግሞ ሊጠራት አለና አስቀድሞ ማን እንደሚያየው ዙሪያውን ቃኘ። ቢጫው ሻሽ ከአቧራው ጋር ደበዘዘ። ለፋፊው ምንም ሳይለው ክንዱን ይዞ ወደ ኮረብታው ወሰደው፤ ልሳነወርቅም እንደ ሕፃን እያለቀሰ ወጣ።

ከኮረብታው ማዶ የነበረችው ሸለቆ ያችው ሸለቆ ናት፤ ያው ወንዝ፣ ያው ባሕር ዛፍ፣ ያው አዳራሽ። አጥሯ ግን ቀለም አልነበረውም፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ሰው ሊያልፍበት ተከፍቷል። የንባብ ቤቶቹ መስኮት መስታወት አለው፤ ከቧንቧው ውሃ ይወርዳል፤ ወጣቶች በየጥላው ሥር ሲከራከሩ ድምፃቸው እንደ ገበያ ይሰማል። ጥርስ የሚፍቅም አለ፤ ይኸኛው ግን በልቶ ነበር።

«መንግሥተ ሰማያት ነው?» አለ ልሳነወርቅ።

«የለም የለም፤ እዚህም ዝንብ አለ» አለ ለፋፊው ከፊቱ አንዱን እያባረረ። «ሀብታቸውም ከእናንተ አይበልጥም። ስማ ብቻ!»

የጥሩምባ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያም አንድ ሰው ከኮረብታው ላይ ሆኖ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! በሁለተኛ ዓመት ክፍል አንድ ወንበር ባዶ ውሏል! የጫኔ ወንበር ባዶ ውሏል!» ብሎ ለፈፈ። ወዲያው አገሩ ተንቀሳቀሰ። መምህሩ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ፤ ወጥ ሠሪዋ ማማሰያዋን እንደ ያዘች መጣች፤ ጓደኞቹ ከየማደሪያው ጎረፉ፤ በዛፉም ሥር ድንኳን ተተከለ። ልሳነወርቅ ቀብር የሚያይ መስሎት ነጠላውን አዘቀዘቀ። በድንኳኑ ውስጥ ግን አንድ ዓይናፋር ወጣት ተቀምጦ፣ ከፊቱ ታንጉት የሚባሉ ሰፊ ፊት ያላቸው ሴት በርጩማ ስበው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል። አማካሪው ናቸው።

«ደህና ነህ ጫኔ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ይኼ የመጀመሪያው ነው፤ አልቆጥርልህም። ቤት ደህና?»

«ደህና ናቸው።»

«እናትህ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከብቱስ?»

ወጣቱ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ «አንደኛው በሬ ገደል ገባ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አባቴ ለብቻው አያርስም። ልሄድ ነበር።»

«እዩልኝ! ስለ ከብቱ ባልጠይቀው ኖሮ ይህ ልጅ ምንም ሳይተነፍስ ሊጠፋብን ነበር!» አሉ ሴትዮዋ ወደ ተሰበሰበው ዞረው፤ ሕዝቡም ወጣቱም አብረው ሳቁ። «ሂድ ጫኔ፣ አባትህን አግዝ። ግን በሩን ከፍተህ ሂድ። የመመለሻህን መሳፈሪያ አሁን ትቀበላለህ፤ የመሄጃህን ቀጥሎ። መመለሻው ይቀድማል፤ ሕጋችን ነው።»

በኮረብታው ላይም የዚያ አገር ለፋፊ «ጫኔ ሊያርስ ሄዷል! ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል! ወንበሩን የነካ ከዕድርተኛው ይጣላል!» ብሎ ለፈፈ። ጓደኞቹ በባዶው ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ አለበሱበት፤ ሰው እንዳለው እንዲታወቅ።

ልሳነወርቅ በመደነቅ «ሴትዮዋ ለምን ነበር ያን ሁሉ የጠየቁት?» አለ።

«በዚህ አገር አማካሪ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ‹ደህና ነኝ› መቀበል በሕግ ተከልክሏል» አለ ለፋፊው። «የእናንተ ሰው ሰላምታው ረጅም የሆነው ለምን ይመስልሃል? እውነቱ ሁልጊዜ ከመጨረሻ ስለሚመጣ ነው። አባቶቻችሁ ይህን ያውቁ ነበር፤ እናንተ ቢሮ ስትከፍቱ ሰላምታውን አሳጠራችሁት።»

«የድህነት ማስረጃስ አይጠይቁም? አታላይ አይገባበትም?»

ሽማግሌው እንደ ተመታ ሰው ቆመና ወደ እርሱ ዞረ። «ሰው ሞቶብኛል ላለህ ጎረቤትህ፣ ድንኳን ከመትከልህ በፊት ሬሳውን ግለጥልኝና ልየው ትለዋለህ?»

«አልልም!»

«ለምን?»

«ነውር ነዋ!»

«ይኼስ? አዎ፣ አልፎ አልፎ የሚያታልል ይኖራል። አንድ አታላይ እንዳይበላ ብሎ መቶ ጨዋ የሚያስርብ አገር ግን ከአታላዩ የባሰ ቀማኛ ነው። እዚህ ተማሪዎቹን ገና በመጡበት ቀን፣ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ይቀበሏቸዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳጥን ከነቁልፉ ይሰጣል። በአንዱ ሳጥን ውስጥ መጽሐፍ ብቻ አለ፤ በሌላው ልብስ፣ ሳሙና፣ ለሴት ልጅ የሚያስፈልጋት ሁሉ፣ የኪስ ገንዘብም አለ። የማን ሳጥን ምን እንደ ያዘ የሚያውቁት ባለቤቱና አማካሪው ብቻ ናቸው። ማንም አይሰለፍም፣ ማንም ፎቶ አይነሣም።»

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?»

«ከዚህ ተምሮ የወጣ ሁሉ እስኪሞት ዕድርተኛ ነው፤ እንደ አቅሙ ያዋጣል። ለመቀበሪያህ ዕድሜህን ሙሉ የምታዋጣ ሰው፣ ልጅህ ለሚኖርበት ማዋጣት እንዴት ከበደህ? ለሞተው ድንኳን ትተክላላችሁ፤ ለሚሞተው ማስታወቂያ ትለጥፋላችሁ!»

ይህን ብሎ ጥሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ በልሳነወርቅ እጅ አኖረው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

«ምን ላድርገው?»

«ንፋዋ!»

«እኔ መምህር ነኝ፤ ለፋፊ አይደለሁም።»

«ሥራህ ምን መስሎሃል ታዲያ? ሕግን ከመሳቢያ አውጥቶ ለሰው ማሰማት አይደለም? ይህች አገር እንደዚህ የሆነችው ከሁሉ በፊት አንድ ጨዋ ሰው ስላፈረ ነው። አፍሮ፣ አፍሮ፣ እፍረቱ ከይሉኝታው በለጠና ጮኸ። ተመልከት ወደዚያ!»

ከኮረብታው በወዲያኛው ሸለቆ፣ በግዙፉ በር ደፍ ላይ፣ ቢጫው ሻሽ ገና ይታይ ነበር፤ አንድ እግሯ ከውስጥ፣ አንድ እግሯ ከውጭ። መወርወሪያው መንቀሳቀስ ጀመረ። ልሳነወርቅ ጥሩምባውን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ሳንባው እስኪነድ ነፋ፤ ድምፅ አልወጣም። ደግሞ ነፋ። በሦስተኛው፣ ከጥሩምባው ሳይሆን ከምድር ሁሉ የሚመጣ የሚመስል ረጅም፣ ሻካራ ጩኸት ሸለቆውን ናጠው…

ከወንበሩ ላይ ተፈናጥሮ ተነሣ። መስኮቱ ግራጫ ሆኗል። ጩኸቱ ግን አልቆመም፤ ከታች ከመናኸሪያው የመጀመሪያው አውቶቡስ ጥሩምባውን እያስጮኸ መንገደኛ ይጠራል።

ጫማ አልፈለገም። በቤት ነጠላ ጫማው ቁልቁለቱን ሮጠ፤ አንዱ ከጭቃው ውስጥ ቀረ፣ አልተመለሰለትም። መናኸሪያው በጭስና በሰው ተሞልቷል፤ ረዳቶች «ሻሸመኔ! ሐዋሳ! የሞላ ነው፣ የሞላ!» እያሉ ይጣራሉ፤ አውቶቡሶቹ ብዙ፣ መስኮታቸውም በእንፋሎት የተሸፈነ ነው። «ነዚፋ» አለ። ከፊቱ የቆመው ሰው እንኳ አልዞረም። በዓይኑ ላይ ያ መወርወሪያ መጣበት። ያን ጊዜ ያ ጨዋ ሰው፣ ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ መምህር፣ እጆቹን በአፉ ዙሪያ እንደ ጥሩምባ ሰብስቦ፣

«ነዚፋ! የሕግ ተማሪዋ ነዚፋ! የሐላባዋ ነዚፋ!» ብሎ ለፈፈ።

መናኸሪያው በሙሉ ዞረ። አንድ ረዳት ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሼ፣ ሚስት ኮበለለችብዎት እንዴ?» ሲል ሰው አሽካካ። ልሳነወርቅ ግን ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞም፣ ድምፁ እስኪሻክር።

ከሦስተኛው አውቶቡስ መስኮት ቢጫ ሻሽ ብቅ አለ።

«ቲቸር? ውይ በአላህ! ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገና አልሞተም። ውረጂ!»

ግራ ተጋብታ ወረደች። ጭቃ የለበሰ ባዶ እግሩን አይታ ደነገጠች። እርሱም ትንፋሹን እየሰበሰበ፣

«ደህና ነሽ?» አለ።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ይኼ የመጀመሪያው ነው። ቤት ደህና?»

«ደህና ናቸው።»

«እናትሽ?»

«ደህና።»

«የሚያስተምርሽ ወንድምሽስ?»

የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች፤ ከዚያም ዓይኗ ሞላ። «ከፎቅ ወደቀ» አለች በመጨረሻ። «እግሩ ተሰብሯል። አልጋ ላይ ነው። ማን ይልክልኛል ቲቸር? ሰው ፊት ቆሜ ልለምን ነው? ሄጄ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፤ ሲሻለው እመለሳለሁ።»

«እንዲሁ ከሄድሽ መመለሻ የለሽም» አላት፤ ሕጉንም እዚያው፣ በጭሱ መካከል፣ ፊደል በፊደል ነገራት፤ ለመሄድም ለመቅረትም ምርጫው የእርሷ መሆኑን፣ ለመሄድ ብትመርጥ እንኳ ቦታዋ ተጠብቆ መሄድ እንደምትችል፣ መርጃም እንዳለና ማንም ሳያያት ልታገኘው እንደሚገባ። ስትሰማ ፊቷ ቀስ በቀስ ደም መሰለ።

«መሳቢያ ውስጥ ያለው ሕግ ነው አይደል ቲቸር?»

«እርሱው ነው።»

«ስንት ልጅ እንደዚሁ ሄዷል!» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «ከዶርማችን ብቻ ስንቶቹ! ሁሉም እመለሳለሁ እያሉ!»

«ጋሼ!» አለ ረዳቱ ከበሩ። «ትሄዳለች ትቀራለች? የቆመ ሰው አለብኝ እኮ!»

ነዚፋ አውቶቡሱን አየች፣ መምህሯን አየች፣ ባዶ እግሩን አየች። «ሻንጣዬን አውርድልኝ» አለችው ረዳቱን። «ብሄድም በበሩ ነው የምሄደው።»

ወደ ኮረብታው አብረው ወጡ፤ እርሷ ሻንጣዋን ይዛ፣ እርሱ ከጭቃው ውስጥ የቀረች ነጠላ ጫማውን አልፏት። ከግቢው አጥር ሥር ሲደርሱ ጠዋቱ ነግቶ ነበር፤ ቀለም ቀቢዎቹ ገና ካልተወሰነ ገንዘብ አስቀድመው መጥተው መሰላላቸውን ዘርግተዋል። ልሳነወርቅ በሕልሙ ያየውን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ተረከላት፦ መድረኩን፣ መፋቂያውን፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ወንበር። ከሬጅስትራሩ በር ላይ አድርሷት ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሊዞር ሲል ጠራችው።

«ቲቸር፣ ድምፅዎ እኮ ተዘግቷል።»

«ያለው ይበቃኛል» አለ። ከውስጥ የዶክተር አስናቀው ሳቅ ይሰማ ነበር። በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ፤ ሳቁ እስኪያልቅ ግን አልጠበቀም።